በታብሌት የተዘጋጀ ዓመታዊ ሪፖርት፦ ከጣና ዳር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

አሁን አሁን ታብሌት በየማኅበሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው እየገባ ነው። ሲገባ ግን ላፕቶፕ የተገዛ ያህል ነው የሚቆጠረው። ሰነድ ይከፍታል፣ ኪቦርድ ብቅ ይልበታል፣ ታዲያ ምን ቀረው ይባላል። የቀረው ነገር ቁርጥ ብሎ የታየው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሪፖርት ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ማኅበሩም ሰዎቹም በስም አይጠሩም። እኔ ጉዳዩን ያወቅሁት ባሕር ዳር ውስጥ በኮምፒውተር ጥገናና ሥልጠና ስለምተዳደር፣ ከማኅበሩ ጸሐፊም ጋር ስለምንተዋወቅ ነው።

ዳራ

ማኅበሩ ያለው ዘጌ በኩል ነው። ዘጌን ለማያውቅ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለ ልሳነ ምድር ነው፤ በቡናውና በገዳማቱ ይታወቃል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ፣ ከተማ ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት ነው የሚነሣው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ሲገባ ማኅበሩ የሥራ ሪፖርት፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የገቢ ወጪ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሐምሌ ደግሞ ዝናቡ የሚጠነክርበት ወር ነው።

ድሮ ሥራው እንዲህ ነበር የሚሄደው። ጸሐፊው በእጅ ይጽፋል። ጽሑፉ ባሕር ዳር ገበያው አካባቢ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ተጽፎና ታትሞ ይመለሳል። ኮሚቴው ሲያነበው አንድ ቁጥር ተሳስቷል፣ የአንድ አባል ስም ተዘሏል። ወረቀቱ እንደገና ጀልባ ይሳፈራል። እርማቱም በነፃ አይደለም፣ በገጽ ይከፈልበታል።

ሥራውን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ በኪቦርድ ግን አንድ በአንድ እየፈለገ የሚጫን ሰው ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ በቅርብ የተመረቀች ወጣት ናት፤ ኮምፒውተር ተምራለች፣ ቤቷ ግን ያላት ስልክ ብቻ ነው። የ2017 ሪፖርት ሊዘጋጅ ሲል አንድ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ባለ 11 ኢንች የአንድሮይድ ታብሌት ለማኅበሩ ትቶ ሄደ። ኮሚቴውም "እንግዲህ ለጽሕፈት ብር አናወጣም" ብሎ ወሰነ።

ችግሩ

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ገና ከመጀመሪያው ፋይል ጋር ነው። ጽሕፈት ቤቷ የአምናውን ሪፖርት በቴሌግራም ላከችላቸው። ሐሳባቸው እሱን ከፍቶ ቁጥሩን መቀየር ነበር። ታብሌቱ ላይ ሲከፈት ግን ገጹ በላቲን ፊደል፣ በነጠብጣብና በሰረዝ ተሞልቷል። አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። ጸሐፊው ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ ታብሌቱን ሊዘጋው ነበር።

ቫይረስ አልነበረም። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየቋንቋው ፊደል አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር እንዲጠቀሙ የሚያደርገው ሥርዓት፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ በላዩ ላይ "ሀ" ወይም "ለ" አድርጎ ይስለዋል። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ደህና ነው። ፎንቱ በሌለበት ታብሌት ላይ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ብዙ ጸሐፊዎች እጃቸው ስለለመደው እስካሁን በአሮጌው ፎንት ይጽፋሉ። ወረቀት አትሞ ለመስጠት ምንም አይጎዳም። ችግሩ የሚታየው ፋይሉ ከዚያ ኮምፒውተር ሲወጣ ነው።

ሁለተኛው ችግር ፈገግ ያሰኛል። ዎርድን ጫኑበት። ሰነድ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ማረም ሲሉት ግን ክፍያ ይጠይቃል። በሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ደግሞ ያው አፕ በነፃ ያርማል። ማይክሮሶፍት የሞባይል ዎርዱን በነፃ ለማረም የሚፈቅደው ስክሪኑ 10.1 ኢንችና ከዚያ በታች ለሆነ መሣሪያ ነው። ከዚያ ካለፈ የደንበኝነት ክፍያ ያስፈልጋል። የማኅበሩ ታብሌት 11 ኢንች ነው። ትልቅ ነው ተብሎ የተደሰቱበት ስክሪን ከነፃው ወሰን አውጥቷቸዋል።

ሦስተኛው ግን ሥራውን ከሁሉም በላይ ያበላሸው ነው። ለማረም የሚሆን ሌላ ነፃ አፕ ካገኙ በኋላ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ሊቀመንበሩ ፋይሉን በቴሌግራም እየተቀባበሉ ማረም ጀመሩ። በሳምንቱ ውስጥ "ሪፖርት ፋይናል"፣ "ሪፖርት ፋይናል (1)"፣ "ሪፖርት ፋይናል የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎች ታብሌቱን ሞሉት። ጸሐፊው ማታ ያረመው ጠዋት ይጠፋል። "ጋሼ፣ እርስዎ ያረሙት እኮ ሌላኛውን ነው" ትለዋለች ሒሳብ ሠራተኛዋ። "ስሙ አንድ አይደል እንዴ?" ይላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ያለን ፋይል ስትነኩት በሌላ አፕ ይከፈታል። የሚከፈተው ግን ቴሌግራም ለራሱ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። አፑ ብዙ ጊዜ "ለማንበብ ብቻ" ብሎ ይከፍተውና ማረም ስትጀምሩ ሌላ ቅጂ ላስቀምጥ ይላል። የት እንደሚያስቀምጠው ሳታዩ እሺ ትላላችሁ። በማግሥቱ ተመልሳችሁ ቴሌግራም ላይ ያለውን ትነካላችሁ። የሚመጣው ያልታረመው ነው። እርማቱ አልጠፋም፣ አንዱ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ለሰውየው ግን ጠፍቷል። በዚህ መንገድ አንድ ያልታረመ ቅጂ ታትሞ ኮሚቴው ፊት ደርሷል። የአባላቱ ቁጥር የአምናው ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ፎንቱን መጀመሪያ ፈታነው። አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም በጽሕፈት ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የአምናው ሪፖርት ተለወጠ። ሳይነበብ ግን አልታመነም። እንደ "ቋ"፣ "ጓ" እና "ኳ" ያሉት ፊደላት አንዳንድ ቦታ ተበላሽተው ተገኙ። አራት ነጥቡም በ"።" ፈንታ ሁለት "፡" ሆኖ ነበር የመጣው። ለዓይን ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው፤ "።" ብላችሁ ብትፈልጉ አያገኘውም። እሱ በመፈለጊያና መተኪያው ባንዴ ተስተካከለ።

ለማረሚያ ኮላቦራ ኦፊስ ተመረጠ። ነፃ ነው፣ ሊብሬኦፊስ ከሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም የተሠራ ነው፣ ያለ ኔትም ይሠራል፣ የስክሪን ስፋትም አይጠይቅም። አዝራሮቹ ለጣት ትንንሽ ናቸው፤ መልኩም ከስልክ አፕ ይልቅ ኮምፒውተር ይመስላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ በዚህ ምክንያት ወደደችው፣ ጸሐፊው በዚሁ ምክንያት ጠላው።

ከዚያ ጽሑፉን የማስገባት ጉዳይ መጣ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ተገዝቶ ነበር። ገንዘቡ ባክኗል ማለት ይቻላል። አማርኛውን የሚጽፈው የስክሪኑ ኪቦርድ ነው፤ በነሱ ታብሌት ላይ ውጫዊው ኪቦርድ ሲገናኝ የሚወጣው እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጂቦርድ ወደሚባለው የጉግል የስክሪን ኪቦርድ አማርኛ ተመለሱ። ታብሌቱን አግድም ሲይዙት ኪቦርዱ የስክሪኑን ግማሽ ይበላዋል፣ ከሰነዱ የሚታየው ሁለት ሦስት መስመር ነው። ሲያቆሙት ገጹ በደንብ ይታያል። ይህችን ለማወቅ ጥቂት ቀናት ወስዷል።

ያልተጠበቀው መፍትሔ ለጸሐፊው የተገኘው ነው። ጂቦርድ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። መምህር ነበርና ንባቡ የጠራ ነው። በእጅ የጻፈውን ሪፖርት ማታ ኔቱ ደህና ሲሆን ሲያነብ ታብሌቱ ይጽፋል። ለሐተታው ክፍል ከተጠበቀው በላይ ሠራ። የሰው ስምና ቁጥር ላይ ግን አይታመንም፤ ነጥብ ማድረግም አያውቅም። አንድ ገጽ ሙሉ ያለ አራት ነጥብ ይወርዳል። ነጥቡን የምታስገባው ሒሳብ ሠራተኛዋ ሆነች። በዚህ መሐል "እርስዎ ይተንፍሱ፣ እኔ ነጥብ ላድርግ" የሚል ቀልድ በመካከላቸው ተፈጠረ።

የቅጂው መዘበራረቅ በአንድ ደንብ ቆመ። ፋይሉን የሚያርም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ታብሌቱን የያዘው። ሌላው ሁሉ እርማቱን በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይልካል፦ "ገጽ 3፣ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ኩንታሉ ይስተካከል" ብሎ። ሊቀመንበሩ የታተመውን ገጽ በእስክርቢቶ አርሞ ፎቶውን ይልክ ጀመር። ኋላ ቀር ይመስላል እንጂ ሦስት ሰው አንድ ፋይል ከሚያርም በጣም የተሻለ ነው። ከቴሌግራም የመጣ ፋይል ሁሉ መጀመሪያ "ሪፖርት 2017" በሚለው ፎልደር ይቀመጣል፣ የሚከፈተውም ከኮላቦራ ውስጥ ነው። "ፋይናል" የሚለው ቃል ከፋይል ስም ታገደ። በምትኩ ዓመት፣ ወርና ቀን ተጻፈ፦ "ሪፖርት 2017-11-05" ተብሎ። በዚህ ቅደም ተከተል ሲጻፍ ፋይሎቹ በራሳቸው በተራ ይደረደራሉ።

የገጹ አቀማመጥ ሌላ ጣጣ ነበረው። ቃለ ጉባኤው መጨረሻ ላይ ያለው የስምና የፊርማ ቦታ በስፔስ እየተገፋ የተስተካከለ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ፎንቱ ኒያላ ነው። አንድሮይድ ኒያላ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ኖቶ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የፊደሉም ስፋት ይለያል። የሊቀመንበሩ ፊርማ መስመር ሄዶ ከገንዘብ ያዡ ስም ሥር ገባ። ስፔሱ በሙሉ ተሰርዞ መስመር በሌለው ሠንጠረዥ ተተካ። ከዚያ በኋላ ፎንቱ ቢለዋወጥም ስሙና ፊርማው ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

ሠንጠረዡና የኢትዮጵያ ቀን

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። ታብሌትም ኮምፒውተርም ላይ ያው ነው።

የገቢ ወጪው ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ቀን ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ እንደለመደችው ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያለች አስገባች። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ሲሆን 12/2/2017 ማለት ነው። ከዚያ በቀን ደርድር አለችው። ሠንጠረዡ ተተራመሰ። ጥቅምት ከሚያዝያ ጋር ተቀላቀለ፣ የኅዳር ሽያጭ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የወሩን ድምር ከደረሰኙ ጋር ስታስተያየው አልገጠመም።

መጀመሪያ ያስተዋለችው አንድ ትንሽ ነገር ነው። አንዳንዱ ቀን ሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግቷል፣ አንዳንዱ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ የተጠጋው ሠንጠረዡ "ቀን ነው" ብሎ የተቀበለው ነው። ወደ ግራ የተጠጋው ተራ ጽሑፍ ነው። የታብሌቱ ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ስለነበር ወሩን የሚያነበው ከፊት ነው። 12/2/2017ን የአውሮፓውያን ታኅሣሥ ወር ሁለተኛ ቀን አድርጎ ወሰደው። 13/2/2017 ሲመጣለት ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጽሑፍ ብሎ ተወው። ስለዚህ የየወሩ ከ1 እስከ 12 ያለው ቀን ሁሉ ቀን ሆነ፣ ከ13 ጀምሮ ያለው ጽሑፍ ሆነ። ሲደረደር ቀኖቹ ከላይ፣ ጽሑፎቹ ከታች ይሰለፋሉ። ከሁሉም የሚገርመው ጳጉሜ ነው። ጳጉሜ 5፣ ማለትም 5/13/2016፣ የፈረንጆች ሜይ 13 ሆኖ አረፈ።

የታብሌቱን የአገር ምርጫ፣ ቀኑን ከወሩ በፊት ወደሚያነበው ወደ እንግሊዝ ብንቀይረውስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። እሱም አይፈታውም። ከጳጉሜ በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፣ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ግን 30 የለውም። ጥቅምት 30 ሲገባ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜም እንደዚሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱ ዓምድ ለሦስት ተከፈለ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በየሳጥኑ ተራ ቁጥር ብቻ ይገባል። ሲደረደር መጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ በቀን ነው። ጳጉሜ 13 ተብላ ከነሐሴ ቀጥላ ትመጣለች። የወር ድምርም የወሩን ቁጥር ይዞ ይሠራል። የገባውን በሙሉ እንደገና ማስገባት ግድ ሆነ፤ የተለወጠው ቀን ወደ ቦታው ሲመለስ ከደረሰኙ ጋር መነጻጸር ነበረበትና።

የሠራውና ያልሠራው

ሐተታ መጻፍ፣ ስምና ቁጥር ማረም፣ ከስብሰባው ላይ ሳይነሡ ቃለ ጉባኤ መያዝ፦ ለነዚህ ታብሌቱ ከላፕቶፕም ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያቆያል። ጉባኤው ዛፍ ሥር ሲሆን አይከብድም። ኮሚቴው አንቀጹ ሲነበብለት "እንዲህ ይባል" ይላል፣ እዚያው ይታረማል።

ረጅም ሠንጠረዥ ላይ ግን ይደክማል። ቀመርን በጣት ጎትቶ ወደ ታች ማውረድ ትዕግሥት ይፈትናል፤ ጣት ትንሽ ሲንሸራተት ሌላ ሳጥን ላይ ይጽፋል። ሪፖርቱ መሐል ላይ አንድ አግድም ገጽ ማስገባትም አልሆነላቸውም። አግድሙ ሠንጠረዥ በሌላ ፋይል ተሠርቶ ለብቻው ታተመ፣ እንደ አባሪ ተያያዘ። ማንም ቅር አላለውም።

ለኅትመት የሚሄደው ፒዲኤፍ ብቻ ሆነ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ጽሕፈት ቤቷ ስትከፍተው መስመር አይዘልም። በቴሌግራም ይላካል፣ ኔት ከሌለ ፍላሽን ከታብሌት ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ጽሕፈት ቤቷ ሥራዋን አላጣችም። መጻፉ ቀረ፣ ማተሙና መጠረዙ ግን እሷ ጋ ነው። አሁን ፋይል በዩኒኮድ ካልሆነ አልቀበልም ያለችው ራሷ ናት፤ የምትጠቀምበት አሮጌው ፎንት ለራሷም ደንበኛ ሲያሸሽባት አየች።

የጀልባው መንገድ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ሪፖርቱ የሚቀርበው በወረቀት፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ቲተር ተደርጎበት ነው። ለዚያ መሄድ ግድ ነው። ለእርማት ብሎ መመላለስ ነው የቀረው።

ለሌላው የሚሆን

ታብሌት ሊገዛ ወይም ሊሰጠው ያለ ማኅበር መጀመሪያ የስክሪኑን ስፋትና ሊጠቀምበት ያሰበውን አፕ የነፃ ወሰን አብሮ ይመልከት። ዋጋውን ከማየት በፊት ማለቴ ነው።

አሮጌ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ ታብሌት ላይ ሥራ አይጀመር። ሁሉንም መለወጥ አያስፈልግም። በየዓመቱ እንደ መነሻ የሚያገለግሉትን ሁለት ሦስት ፋይሎች መለወጥ ይበቃል። የተለወጠው ደግሞ ከታተመው ወረቀት ጋር ቃል በቃል ይነበብ።

የአንድ ሰው ደንብ ትልቅ ቢሮም ላይ ይሠራል። ደንቡ እንዲከበር ግን ሰውየው በስም መታወቅ አለበት። እዚህ ቦታ የሠራው ታብሌቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሁለት ቢሆን ኖሮ እንደገና ይዘበራረቅ ነበር። ሁለት መሣሪያ ያለው ቢሮ አንዱን ለንባብ ብቻ ቢያደርገው ይሻላል።

ፎልደሩ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ፍላሹ ከታብሌቱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም። ጀልባ ላይ የሚወጣ ዕቃ ነውና።

አንድ ሥራ ገና አልተጀመረም። የአባላቱ መዝገብ እስካሁን በደብተር ነው ያለው። ወደ ሠንጠረዥ ሲገባ አንዱ "ኃይሉ" ሌላው "ሀይሉ" ተብሎ ከተጻፈ ፍለጋው አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ስሞቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ ትላለች። ጸሐፊው ደግሞ አባሉ ራሱ በፈረመበት ፊደል ይጻፍ ባይ ነው። ለኮሚቴው ቀርቧል።